ከፊት የሚከረውን ማን ያላላል?

ፍላቂት፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህርት ነሲባ አባስ
ደሴ

ጥቅምት 21 ቀን በሃምሳ ሦስት ተማሪ ፊት አሳቅሽብኝ፤ ከዚያም ከክፍል አስወጣሽኝ። ሰላምታ ያላስቀደምኩት ረስቼ አይደለም። ይህ ነገር እስኪስተካከል ለአንቺ የሚሆን ሰላምታ የለኝም።

ምናልባት አንቺ በሌላ መልክ ይዘሽው እንደሆነ፣ የሆነውን በተራ እጽፈዋለሁ። እኔ ደግሰው ገመድ ገማጅ ነኝ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላስተማረኝም፤ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ እንድሰማ ፈቀደልኝ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረሁም፤ አንድ ቃልም አልተነፈስኩም።

በዚያ ቀን ዲኤንኤ እንዴት እንደሚባዛ አስተማርሽ። ሰሌዳው ላይ እርስ በርሳቸው የተገመዱ ሁለት ፈትሎች ሣልሽ። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ሄሊኬዝ የሚባለው ኢንዛይም ሁለቱን ፈትል ይለያያል፣ ፖሊሜሬዝ የሚባለው ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ጥንድ ይሠራለታል አልሽ። እጄን አወጣሁ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ሁለት ፈትል ገመድ ከመሃሉ ሲከፈት ከፊት ያለው ይከራል። እየከረረ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ በግድም አይከፈት። ይህን ከፊት የሚከረውን ማን ያላላል?» ለማሳየትም ገመድ ይዤ ነበር።

አንቺ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚጽፈውን ተቆጣጣሪ አየሽ። ቀጥለሽ «አያ ደግሰው፣ ዲኤንኤ የበሬ ማሰሪያ አይደለም» አልሽ። ልጆቹ ሳቁ። «ትምህርት የሚያውክ ሰው ውጭ ይጠብቅ» አልሽ። ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ላይ ስሜ «አያ ኢንዛይም» ነው።

ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄዬ ይመለስ። ሁለተኛ፣ በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ልጆች ፊት፣ ጥያቄው ጥያቄ እንደነበረ በአፍሽ ተናገሪ። ልጆቹ በሰኔ ተፈትነው ይበተናሉ። ያኔ አንዱ ጎንደር አንዱ ጅማ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበስበው የለም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ደሴ መግባትሽን፣ ስልኬንም መጠየቅሽን የሚኒባስ ሹፌሩ ደሳለ ነግሮኛል። ስልኬን አልሰጥም። በስልክ የተባለ ይካዳል። ደሳለ ደብዳቤ ያመላልሳል።

ደግሰው


ደሴ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ደግሰው

እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እማማ አሰለችስ? ውርጩ ገብሱን አልነካባችሁም? እርስዎ ሰላምታ ነፍገውኛል፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ብጽፍልዎ እናቴ ሰአዳ ቤት አታስገባኝም። ያሳደገችኝ እንደዚያ አይደለም።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ቀን ተቆጣጣሪው ሊመዝነኝ መጥቶ ነበር፤ ሰዓቱም አልቆብኝ ነበር። በችኮላ የወጣ ቃል ነው። በጣም አዝናለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ልክ እንዳሉት ከፊት ያለው ይከራል። የሚያላላው ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ከሄሊኬዝ ፊት ፊት ይሄዳል። አንዱን ፈትል ይቆርጠዋል፣ የከረረው ተሽከርክሮ ይላላል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥመዋል። ሁለቱንም ፈትል የሚቆርጥ ዓይነትም አለ። እሱ ባይኖር ሄሊኬዙ ትንሽ እንደሄደ ይቆም ነበር። በዚያ ቀን ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ረሳሁት።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጽሐፉ ላይ ስለዚህ ኢንዛይም አንድ መስመር እንኳ የለም። እርስዎ ይህን ከየት አወቁት?

ነሲባ


ፍላቂት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህርት ነሲባ አባስ

ከየት አወቅህ ብለሽኛል። የገመድ መሃሉ ሲበሰብስ ገበሬው አይጥለውም፤ ወደ እኔ ያመጣዋል። ሁለቱ ጫፍ ከዕቃው ጋር እንደታሰረ መሃሉን ከፍቼ አዲስ ቃጫ አስገባለሁ። ጫፉ ታስሮ መሃሉን የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

መልስሽን ግን እንዳለ አልተቀበልኩትም፤ ሞከርኩት። አንዱን ጫፍ ከግንድ አሠርኩ፣ ሌላውን ከድንጋይ ሥር ቀበርኩ። መሃሉን ከፈትኩ፤ ከፊት ከረረ። አንቺ እንዳልሽው ከፊቱ አንዱን ፈትል በቢላዋ ቆረጥኩት። የተቆረጠው ጫፍ ተፈናጥሮ ጉንጬን ገረፈኝ። አሰለች ከጓሮ ሆና «ዛሬስ ገመዱ መታው» አለች፤ እስከ ማታ ሳቀች። መልሼ ልገጥመው ብል ጫፉን የት ላግኘው? እንግዲህ ያንቺ ቶፖአይሶሜሬዝ ቆርጦ ሲያሽከረክር ጫፎቹን ማን ይይዝለታል? ካልተያዙ ይበተናሉ። ስሙን አስተካክሎ ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሥራውን ደግሞ ገና አላመንኩትም።

ሌላ። መቅዳቱንም ሞከርኩ። ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ነጭ ክር፣ ከተከፈተበት እየተነሣሁ በሁለቱም ፈትል ላይ አዲስ ጥንድ ጎነጎንኩ። በሁለቱም ወገን ያለምንም ማቋረጥ ሄደልኝ። መጽሐፉ ግን በአንዱ ወገን ቀጥ ብሎ፣ በሌላው ወገን ቁርጥራጭ አድርጎ ሥሎታል። መጽሐፉ ተሳስቷል። ለምን እንደተሳሳተ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ።

የመጨረሻው። «ረሳሁት» ብለሽ ጽፈሻል። የሚረሳ ነገር ቀድሞ የታወቀ ነው። ረስተሽው ነው ወይስ አታውቂውም ነበር?

ደግሰው


ደሴ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ደግሰው

እንዴት ሰነበቱ? ጉንጭዎ ዳነ? እማማ አሰለችን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሳቃቸው እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል።

ጫፉን የሚይዘው ራሱ ኢንዛይሙ ነው። የሚቆርጠው በገዛ አካሉ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ እዚያው እሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይለቀቅም። የከረረው ሲላላ በያዘው ጫፍ መልሶ ይዘጋዋል። ቢላዋ ቆርጦ ይለቃል፤ እሱ ቆርጦ አይለቅም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ይህን ለመምህሬ ስነግረው «ይህን ጥያቄ የጠየቀሽ ማነው?» አለኝ። «አገሬ ያሉ ገመድ ገማጅ» አልኩት። እየቀለድኩ መሰለው።

መጽሐፉ ግን አልተሳሳተም። ሁለቱ የዲኤንኤ ፈትሎች አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል ሆነው ነው የተገመዱት። ፖሊሜሬዝ ደግሞ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ ላይ መክፈቻውን እየተከተለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በሌላው ላይ ግን ጀርባውን ለመክፈቻው ሰጥቶ አጭር ቁራጭ ይሠራል፣ ተመልሶ ሌላ ይጀምራል። ደግሞም ከባዶ መጀመር አይችልም። ፕራይሜዝ የሚባል ኢንዛይም ከሌላ ቁስ፣ ከአርኤንኤ፣ አጭር መነሻ ያኖርለታል። መነሻው በኋላ ወጥቶ ቦታው ይሞላል፤ ቁርጥራጮቹን ሊጌዝ የሚባለው ይገጣጥማል። ፖሊሜሬዝ ሲሳሳትም ወደ ኋላ ተመልሶ የተሳሳተውን ያወጣል።

ስለ ክፍሉ አስቤበታለሁ። የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ ርእሰ መምህሩ ለተማሪዎቹ ቢያነብላቸውስ? መንገዱ ሩቅ ነው፤ እኔም ትምህርት ላይ ነኝ።

ነሲባ


ፍላቂት፣ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህርት ነሲባ አባስ

መጽሐፉ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ ምንም አልሆንኩም።

ስሕተቴ ከየት እንደመጣም አግኝቼዋለሁ፤ አሳፋሪም ነው። ቃጫ ሥርና ጫፍ አለው። ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው። የሁለቱን ፈትል ሥር በአንድ ወገን ያደረገ ሰው ገመዱ በቀጭኑ በኩል ይበጠስበታል። ስለዚህ አንዱን ከሥር ወደ ጫፍ፣ ሁለተኛውን ከጫፍ ወደ ሥር አድርገን ነው የምንገምደው። አባቴ ያሳየኝ እንዲህ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሠራሁትም እንዲህ ነው። ሽቅብና ቁልቁል የምትዪው በእጄ ላይ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ለሙከራው ሰንፌ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ያዝኩ። የፋብሪካ ክር ሥርም ጫፍም የለው፤ በፈለጉት ወገን ይሄዳል። እሱ ነው ያሳሳተኝ።

እንደገና በቃጫ ሠራሁት። ቃጫ ሲታሽ እጅ ከሥር ወደ ጫፍ ብቻ ነው የሚሄደው፤ በተቃራኒው ከሄደ ይወጋል። በአንዱ ወገን መክፈቻውን ተከትዬ ሄድኩ። በሁለተኛው ወገን እጄ እምቢ አለ። መክፈቻው እስኪሰፋ ጠበቅኩ፣ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ሠራሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ጠበቅኩ፣ ደግሞ ሠራሁ። ስጨርስ ልክ እንደ ሥዕሉ ቁርጥራጭ ነበር። መነሻውም ገባኝ። ገመድ ስንጀምር በእግር ጣታችን ላይ የጠፍር፣ የቆዳ ቁራጭ እናስራለን፤ ቃጫው ከእሱ ይነሣል። ገመዱ ሲያልቅ ጠፍሩ ተቆርጦ ይወጣል። ጠፍር ቃጫ አይደለም፤ አርኤንኤም ዲኤንኤ አይደለም። ይህን የሠራ አእምሮ ገማጅ ነው።

ነገር ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ አለ። በመሃል ያለው መነሻ ሲወጣ ቦታውን ከጎኑ ያለው ቁራጭ ተራዝሞ ይሞላዋል። ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻው መነሻ ሲወጣስ? ከጎኑ ሌላ ቁራጭ የለም። ባዶ ይቀራል። እንግዲያ ገመዱ በየቅጂው ትንሽ ያጥራል። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ ያጠረ ገመድ ይዞ ከመጣ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ምን ሊተርፈን ነው? የሆነ ቦታ የሚመልሰው አለ። ማነው?

ስለ ደብዳቤው ንባብ። አይሆንም። ያልሽው በአፍሽ ነው፤ የሚመለሰውም በአፍሽ ነው። ርእሰ መምህሩ አላሳቀብኝም፣ እሱ ምን ቤት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አዝመራው የሚባል የዚያ ክፍል ልጅ ገበያ መጣ። ባልንጀሮቹ ከኋላው ቆመዋል።

«አያ ኢንዛይም፣ ገመድ አለዎት?»

«ለማን?»

«ለበሬ።»

«ለበሬ የለኝም። የእኔ ገመድ ለዲኤንኤ ነው።»

ባልንጀሮቹ በእሱ ላይ ሳቁ። እሱ ግን አልሄደም፤ ጎንበስ ብሎ «ግን አያ፣ እውነት ይከራል?» አለኝ። ገመዱን ሰጠሁት፤ በገዛ እጁ ከፈተው። ሲቋጠር አየ። «ታዲያ መምህርት ለምን እንደዚያ አሉ?» አለኝ። ገመዴን ተቀብዬ ጠቀለልኩ። መልሱ የእኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው።

ፖሊሜሬዝ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ስሕተቱን ያወጣል ብለሽ ጽፈሻል። እሱ አፍም እግርም የለው። የጠየቅኩሽንም እስከ አሁን አልመለስሽም፦ ረስተሽው ነው ወይስ አታውቂውም ነበር?

ደግሰው


ደሴ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ደግሰው

በዓሉን እንዴት አሳለፉት? እማማ አሰለች በደሳለ በኩል የላኩልኝ ማር ደርሶኛል። እርስዎ እንደማያውቁ አድርጌ እበላዋለሁ።

የጫፉን ነገር ከጠየቁኝ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ቀኑን ሙሉ አልወጣሁም። ልክ ነዎት፤ ያጥራል። የክሮሞሶም ጫፎች ላይ ምንም መልእክት የሌለው፣ እየተደጋገመ የሚሄድ ትርፍ አለ፤ ቴሎሜር ይባላል። የሚያጥረው እሱ ነው፤ ዋናው እንዳይነካ ነው የተቀመጠው። የሚመልሰው ደግሞ ቴሎሜሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የሚቀዳውን አብነት በውስጡ ይዞ ይመጣና ጫፉን ያስረዝማል። ልጅ ከሚሆኑት ሕዋሶች ውስጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ልጅ ከአባቱ አጥሮ አይወለድም። በአብዛኛው የቀረው አካላችን ውስጥ ግን ሥራ የለውም። የእኔም የእርስዎም እያጠረ ነው። ባክቴሪያ ደግሞ ገመዱ ክብ ነው፤ ጫፍ የለውም፣ ጭንቀትም የለበትም።

አሁን ያንኛውን ልመልስ።

አላውቀውም ነበር። አልረሳሁትም። በዩኒቨርሲቲ ስማር ስሙን ሸምድጄ ለፈተና ጽፌዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም። እርስዎ ሲጠይቁ ያ ስም አልመጣልኝም። የመጣልኝ በዚያ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኔ፣ ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አንሥቶ መጠበቁ ነው። «አላውቅም» ብል ምን እንደሚጽፍ አሰብኩ። እርስዎ ከወጡ ማንም አያየኝም ብዬ አስወጣሁዎ። ያን ቀን የተሰጠኝ ውጤት ከፍተኛ ነበር፤ እዚህ የመጣሁበት ወረቀት ውስጥ አንዱ እሱ ነው። ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም።

ግንቦት 18 ማክሰኞ እመጣለሁ። ርእሰ መምህሩን ጠይቄ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈቅዶልኛል። ይገኛሉ?

ነሲባ


ፍላቂት፣ ሰኔ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህርት ነሲባ አባስ

እንዴት ከረምሽ? እናትሽ ወይዘሮ ሰአዳ እንዴት ነች? መንገዱ አላንገላታሽም? አሰለች፣ ቤት ሳትገቢ በመመለስሽ፣ ተቀይማለች፤ እሱን ከእሷ ጋር ጨርሱት።

ማክሰኞ ያልተገኘሁት ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ገመድ አደርስ ስለነበር ነው። እውነቱን ለመናገር ገመዱ ለሐሙስም ይደርስ ነበር። የዚያን ክፍል ደጃፍ ዳግም ላልረግጥ ለራሴ ምዬ ነበር፤ እኔ ተቀምጬ እያየሁሽ ብትናገሪም ለእኔ ብለሽ የተናገርሽ ይመስላል። ልጆቹ እንዲሰሙ ነበር የፈለግኩት።

ስመለስ ፍቅርአዲስ የምትባለው ተማሪ ቤቴ ድረስ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። «አያ ደግሰው ጠየቁኝ፣ እኔ መልሱን አላውቅም ነበር፣ አለማወቄን እንዳታዩብኝ አስወጣኋቸው» ማለትሽን ነገረችኝ። የጠየቅኩሽን፣ ከረረ፣ ተቋጠረ የሚለውን፣ በሻሽሽ ጫፍ ማሳየትሽንም ነገረችኝ። ጥሩ።

ቀጥላ ግን «አያ፣ ኢንዛይሙን ያገኙት እርስዎ ነዎት ለካ!» አለችኝ። ማን አለ አልኳት። «መምህርት ናቸዋ፤ ማንም ሳይነግራቸው፣ መጽሐፍ ሳያዩ ያገኙት አያ ደግሰው ናቸው አሉ» አለች። በማግስቱ ገበያ ላይ አንዱ «ፈረንጅን የቀደመ» ብሎ እጄን ሳመኝ። ርእሰ መምህሩ ስሜን በክፍሉ በር ላይ ልጻፍ ብሎ ላከብኝ።

ነሲባ፣ ይህ ውሸት ነው። ለእኔ ያደላ መሆኑ እውነት አያደርገውም። ሰዎች ይህን ኢንዛይም ካገኙት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚያ ልጆች በጥቅምት አንድ ስሕተት ይዘው ነበር፤ በግንቦት አውጥተሽ ሌላ ተካሽበት። ፈተናው ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለአንቺ ጽፌ፣ ደሳለ አድርሶ፣ አንቺ አስበሽ፣ መኪና አግኝተሽ እስክትመጪ ልጆቹ ተበትነዋል።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ገባሁ። በዚያው በር።

ከኋላ አልተቀመጥኩም፤ ሰሌዳው ሥር ቆምኩ። ገመዱን አሳየኋቸው። ሄሊኬዙን አዝመራው ሆነ፤ እሱ ሲከፍት፣ ከፊቱ እኔ እያላላሁ ሄድን። ከዚያ «ይህን ኢንዛይም ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ መምህርታችሁ አብዝታለች» አልኳቸው።

ፍቅርአዲስ «ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?» አለች።

«ጠየቅኩ።»

«ጥያቄ ብቻ?»

«ጥያቄ ብቻ።»

ያዘነች መሰለኝ። ሌላው ልጅ ግን እጁን አወጣ። ምስክር ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። «ኢንዛይሙ ዓይን የለው፤ ከፊቱ መክረሩን በምን ያውቃል? ያልከረረውንስ ለምን አይቆርጥም?» አለ። በእጄ ያለውን ገመድ አየሁ፤ እኔ መክረሩን የማውቀው በጣቴ ነው። የእሱን አላወቅኩትም። «አላውቅም» አልኩት። በዚያ ክፍል ይህ ቃል ሲነገር ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው ያንቺ ነበር። ማንም አልሳቀም። ምስክር ደብተሩ ላይ ጥያቄውን ጻፈው።

መልሱን ካገኘሽ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእሱ ላኪለት፤ ፈተናውን ሳይጨርስ ይድረሰው። ቅጂውን እኔ አነባለሁ።

በደሳለ የላክሻት ትንሿ ወረቀትሽም ደርሳኛለች። ይቅር ብለውኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እስከ ዛሬ የጠየቅሽኝን ሁሉ መልሻለሁ፤ ይህን አልመልስም። ስለ ጥቅምት 21 አንቺ ብትጽፊ ደብዳቤውን ሳልከፍት በደሳለ እመልሰዋለሁ። አሰለች ብታነሣው ከማዕድ እነሣለሁ። ልጆቹም እንዳያነሡት ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ደግሞ ከዚህች መስመር በኋላ በአፌም ሆነ በእጄ፣ እስክሞት ድረስ አላነሣውም።

ደግሰው